መንገዱ አለ፤ መቼ እንደሚያደርስ ግን አይታወቅም

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሐል ሜዳ መናኸሪያ የደረሰ መንገደኛ ጋቢውን ጠምጥሞ ለረዳቱ አንድ ጥያቄ ይወረውራል። «አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንገባለን?» መልሱ የታወቀ ነው። «እግዜር ካለ ዛሬ እንገባለን።»

ረዳቱ እያላገጠ አይደለም። መኪናው ሲሞላ እንጂ በሰዓት አይነሳም። ጣርማ በር ላይ ጉም ይኑር አይኑር ሄዶ ካላየ አያውቅም። ዋሻው አፍ ላይ አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ ቆሞ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ሌሊት የዘነበው ዝናብ የትኛውን ቱቦ ደፍኖ የትኛውን ኩርባ እንደቆረጠም እንዲሁ። ስለዚህ በሰዓት የተጠየቀውን በቀን መለሰ። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ «ዛሬ» የሚለው ቃል ብቻውን ትልቅ ተስፋ ነው።

ስለ መንገድ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ በኪሎ ሜትርና በአስፋልት ያልቃል። ስንት ተሠራ፣ ስንት ቀረ፣ የማን ወረዳ ቀደመ። መንገደኛውን የሚያስጨንቀው ግን ብዙ ጊዜ ርቀቱ አይደለም። ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ፣ አንዴ አራት አንዴ አሥር ሰዓት ከሚፈጀው ይሻላል። በመጀመሪያው ሰው ቀጠሮ ይይዝበታል። ሁለተኛው የሚያስደርገው ጸሎት ብቻ ነው። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው ደግሞ ይህን ልዩነት ለአምስት መቶ ዓመት በእግሩ ሲለካው ኖሯል።

▪️ አህያ ፈጅ

አገሩን ላላየው፣ መንዝ ማለት አምባ ነው። በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን የቀጨኔ ወንዝ ይከቡታል። በምሥራቅ ወደ ይፋት ቆላ ቁልቁል የሚወረወር የተራራ ሰንሰለት አለ። መሬቱ በብዙ ቦታ ከሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ይበልጣል። ግሼ በሰሜን ጫፍ ወደ ወሎ ያዘነብላል። መርሐቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል የተቀመጠ ሌላ ሰገነት ነው። ከለሚ ወደ ጀማ የሚወርድ ሰው ከደጋ ብርድ ተነስቶ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ በረሃ ይገባል፤ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ይወጣል። ሁለት ሰዎች ከገደሉ ወዲህና ወዲያ ቆመው የአንዳቸውን ጭስ አንዳቸው እያዩ፣ ለመገናኘት ግን ቀን ሙሉ ይፈጅባቸዋል።

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ በአገራችን ቆይቶ ያየውን ጽፏል። ከአማራ ወደ ሸዋ ሲሻገር ያስደነገጡትን ጥልቅ ገደሎች ሲገልጽ የአንዱን ስም «የአህዮች ሞት» ብሎ ተርጉሞታል። የጻፈበትን ፊደል ወደ አማርኛ ስንመልሰው «አህያ ፈጅ» ነው። ተመራማሪዎች ቦታውን በወንጪትና በጀማ ሸለቆዎች አካባቢ ይፈልጉታል። እዚያ ገደል ላይ በር ነበር፤ በረኞች ነበሩ፤ ቀረጥ ይከፈል ነበር። ከበሩ ውጭ ማለፊያ የለም።

አንድን መንገድ አህያ ፈጅ ብሎ የሰየመው ሕዝብ ስም በማውጣት ረገድ ከዛሬዎቹ የፕሮጀክት ጸሐፊዎች የተሻለ እውነተኛ ነበር። መንገዱ ምን እንደሚያደርግ ስሙ ይናገራል፤ የሄደ ሁሉ አውቆ ይሄዳል።

በዚያ ዘመን ገደሉ ጠላት ብቻ አልነበረም፤ አጥርም ነበር። የሸዋ መሳፍንት ሐረግ የተነሳው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከመንዝ፣ ከነጋሢ ክርስቶስ ነው። ከዚያ ዘሮቹ ደረጃ በደረጃ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እየገፉ አንኮበር ደረሱ። ሰሜኑ በዘመነ መሳፍንት ሲታመስ ሸዋ በአንጻሩ የጸናው ወንዞቹና ገደሎቹ ስለጠበቁት ጭምር ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ያለ እሳቸው ፈቃድ ባዕድ አይገባም፤ የገባም አይወጣም። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ መጥቶ ውል ሲፈራረም የመንገዱ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ በደንብ ተረድቷል።

በ1834 ዓ.ም መጋቢት ላይ የሆነውን የሚስዮናዊውን የክራፕፍን ጉዞ ማንሳት እዚህ ላይ ደግ ነው። ከአንኮበር ተነስቶ የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ይኖሩበት በነበረው በሰላ ድንጋይ በኩል መንዝን አቋርጦ ወደ ወሎ ወጣ። በንጉሡ ግዛት እስካለ ድረስ መንገዱ ብርድና ዳገት እንጂ ሌላ ስጋት አልነበረበትም፤ አገሬው የንጉሡን እንግዳ ያሳልፋል። ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ አዳራ ቢሌ የተባለው የወሎ ባላባት ያዘው፤ ያለውን ሁሉ ዘርፎም ሰደደው። ባዶ እጁን፣ በብዙ እንግልት ምጽዋ ደረሰ። የመሬቱ አቀማመጥ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያው ነበር፤ የተለወጠው ለመንገደኛው ተጠያቂ የሚሆነው ሰው ነው።

የጥንቱ መንገደኛ ጉዞው ዘገምተኛ ነበር፤ ግን አይዋሽበትም ነበር። ክረምት ሲገባ ጀማና ወንጪት እንደሚሞሉ ሁሉም ያውቃል፤ እስከ መስቀል ድረስ ሰርግም፣ ሙግትም፣ ንግድም በዚያ ልክ ይቀጠራል። የግድ መሻገር ያለበት ዋናተኛ ይፈልጋል። በቅሎ በቀን ስንት እንደምትሄድ ይታወቃል፤ ስለዚህ የት እንደሚታደርም ይታወቃል። ማታ ደጅ ላይ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ያለ ሰው አይመለስም። ይህን ማጋነን አያስፈልግም፤ ወንዝ የወሰደው ብዙ ነው፤ ሽፍታ የገፈፈውም፣ ብርድ ያስቀረውም። ሆኖም አደጋው በወቅት የተቆረጠለት፣ መጠባበቂያውም በባህሉ ውስጥ የተሠራ ነበር። ከመንዝ ተነስቶ በአሥር ቀን እደርሳለሁ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ በአሥር ቀን ይደርሳል።

▪️ ሁለት ዋሻ

ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውሩ መንዝ ሳይነቃነቅ ዳር ሆነ። ቀድሞ የአገሩ እምብርት ነበር። ባቡሩም በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል መጥቶ በ1917 እ.ኤ.አ አዲስ አበባ ሲገባ፣ በአንኮበር በኩል ወደ ባሕር ይወርድ የነበረው የሲራራ ንግድ ቀዘቀዘ። መንገድ የሚያመጣውን ብቻ ሳይሆን የሚወስደውንም ማየት የፈለገ የአንኮበርን ታሪክ ይመልከት።

ከዚያ ጣሊያን መጣ።

ዛሬ የደሴ መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው የጣርማ በር ዋሻ የተቆፈረው በወረራው ዘመን ነው። አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአሥመራ ጋር ለማገናኘት ተራራውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ በስተው አሳለፉት። ከባሕር ጠለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በዚያ ዘመን መሣሪያ የተሠራ ነው፤ ምሕንድስናውን መካድ አይቻልም። እስከዛሬ «ሙሶሎኒ ዋሻ» የሚሉት ብዙ ናቸው። ስሙ ራሱ መንገዱ ለማን እንደተሠራ ይመሰክራል። የተሠራው ለጦር መኪና ነው። የደብረ ሲና ገበሬ በርበሬውን ደብረ ብርሃን እንዲያደርስ ታስቦ አልነበረም።

የዚያ ዘመን መንዝ ግን ሁለት ዋሻ አለው። አንደኛውን መኪና ያልፍበታል። ሁለተኛው በላሎ ምድር፣ ዘረት የሚባለው ቦታ ነው። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በመንዝ፣ በመርሐቤቴና በቡልጋ ገደላ ገደል ጣሊያንን ሲያስጨንቁ፣ በ1931 ዓ.ም ሚያዝያ ብዙ ሰው ከነቤተሰቡ ከነከብቱ እዚህ ዋሻ ውስጥ ተሸሸገ። ሴቶች ነበሩ፤ ሕፃናት ነበሩ፤ ቁስለኞች ነበሩ። የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከቦ የመርዝ ጋዝ ለቀቀበት። ከመርዙ የተረፉትን ወንዶች አውጥቶ በገደሉ አፋፍ ረሸነ። የሞቱት በብዙ መቶዎች ይቆጠራሉ። አንድ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ከወታደራዊ መዛግብት ፍንጭ አግኝቶ ቦታው ድረስ ሄዶ እስኪያወጣው ድረስ ይህ ግፍ በዓለም ዘንድ ለስድሳ ዓመት ያህል ተዳፍኖ ቆይቷል። በአገሬው ዘንድ ግን አልተረሳም።

አንድ መንግሥት በአንድ እጁ ተራራ በስቶ መንገድ ያወጣል፤ በሌላ እጁ መንገድ የሌለበትን ዋሻ በመርዝ ይሞላል። ሁለቱም ሥራ የአንድ ዕቅድ ክፍል ነበር። መንገዱ ጦሩን ወደ አምባው ለማቅረብ ነው፤ አርበኛው ደግሞ ከመንገዱ በራቀ ቁጥር በሕይወት ይቆያል። የመንዝና የመርሐቤቴ ሽማግሌዎች ለመኪና መንገድ የነበራቸው ጥርጣሬ «ኋላ ቀርነት» ተብሎ ሲተረክ ይሰማል። በዘረት ዘመን ልጅ የነበረ ሰው መንገድ ሲመጣ «ማን ሊመጣበት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ያስደንቃል?

ስለ ጣሊያን መንገድ ሌላም ሲነገር የማይሰማ ነገር አለ። ያን መንገድ ያቆመው ድንጋዩ ብቻ አልነበረም። በየመንገዱ ዳር የጥገና ሠራተኛ ቤት ነበር፤ ቦይ የሚጠርግ፣ ናዳ የሚያነሳ፣ የተሸረሸረ ጠርዝ የሚክብ ሰው ይኖርበት ነበር። ወራሪው ሲባረር ሠራተኛውም መሣሪያውም ሄደ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ያ ሁሉ መንገድ ተበላሽቶ ስለነበር የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከዓለም ባንክ ከተበደራቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ፣ በ1950 እ.ኤ.አ የተፈረመው የአምስት ሚሊዮን ዶላር ውል፣ ለመንገድ ጥገናና እድሳት ሆነ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በ1943 ዓ.ም የተቋቋመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ልብ ያለ ብዙ የለም። «አውራ ጎዳና» የሚለውን መሥሪያ ቤት አዲስ መንገድ የመሥራት ጉጉት ብቻ አልወለደውም። የተሠራውን ሳይጠግኑ መተው ምን እንደሚያስከትል ስለታየም ጭምር ነው የተቋቋመው።

▪️ ካምፑ

የድሮ ሾፌሮች ስለ አውራ ጎዳና ካምፖች ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካል። በየተወሰነ ርቀት ካምፕ ነበረ፤ ግሬደር ነበረ፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቦይ የሚከፍት ቡድን ነበረ። ትዝታ ሁልጊዜ ያለፈውን ያሳምራል፤ ያን ጊዜም መኪና ሦስት ቀን ጭቃ ላይ ያድር ነበር። ግን መንገዱ ባለቤት ነበረው። ጣርማ በር ላይ ናዳ ቢወርድ የማን ሥራ እንደሆነ ይታወቃል።

ካምፑ ግን ያለው በዋናው መንገድ ላይ ነው። ወደ መንዝ የሚገባው መንገድ ከጣርማ በር አካባቢ ተገንጥሎ በአምባው ላይ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ ይዘልቃል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ ማብቂያ መንዝ ሄዶ ኖሮ፣ በ1965 እ.ኤ.አ ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ሰፊ ቦታ ሲሰጠው፣ የሳበው አንዱ ነገር የአገሩ ተነጥሎ መኖር ነበር። ለተመራማሪ ጥሩ ነው። ሐኪም ለሚፈልግ በሽተኛ ግን ተነጥሎ መኖር ሌላ ስም አለው።

የ1977ቱ ድርቅ ይህን በክፉ አሳየ። እርዳታ የሚደርሰው መኪና በሚደርስበት ነው። የሰሜኑ ረሃብተኛ ሁሉ ወደ አስፋልቱ ወረደ፤ መጠለያዎችም በመንገዱ ዳር በቀሉ። ከመንገዱ የራቀው ወይ በእግሩ ደረሰ፣ ወይ አልደረሰም። መርሐቤቴ በዚያን ጊዜ በጀማ ገደል ከአዲስ አበባ ተቆርጦ ከነበሩት አንዱ ነው። በሌላ ወገን በ1984 ዓ.ም ግድም የካርል ሃይንዝ በም «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት መርሐቤቴ ገብቶ ሥራ ሲጀምር፣ ትምህርት ቤትና ውኃ ብቻ ሳይሆን መንገድም ከሥራው ውስጥ ነበር። ዓለም ከተማ ላይ ያቆመው እናት ሆስፒታልም ያለ መንገድ ትርጉሙ ግማሽ ይሆን ነበር። ከሙከጡሪ በለሚ አልፎ ጀማን ተሻግሮ ዓለም ከተማ የሚገባው መንገድ የመርሐቤቴን ሰው ሕይወት እንደለወጠ መንገዱን የሄደ ሁሉ ይመሰክራል።

▪️ ኪሎ ሜትሩ በዛ

በ1989 ዓ.ም ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም መጀመሩ ነው። ያኔ የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለው ከመቶ 22 ብቻ። በ2007 ዓ.ም ርዝመቱ ከ110 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ። በሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ አራት እጥፍ መሆኑ ነው፤ ይህን ማንኳሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ ከሚያገለግል መንገድ ጋር ማገናኘት የሚል ሰፊ ዘመቻ ተጀመረ። ግሼ ራቤልም፣ ቀያ ገብርኤልም፣ ሚዳም ዶዘር አዩ።

ሁለተኛው ነገር ጸጥ ያለ ነው። በዚያው ዓመት በአዋጅ የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነው፤ ነዳጅ የሚገዛ ሁሉ ከያንዳንዱ ሊትር ላይ ትንሽ ይከፍላል፣ ገንዘቡም ለጥገና ይውላል። መንገዱን የሚፈጀው ሰው መንገዱን ያስጠግናል ማለት ነው። ችግሩ መንገዱ አራት እጥፍ ሲያድግ የጥገና ገንዘቡ፣ ግሬደሩና መሐንዲሱ አብረው አራት እጥፍ አለማደጋቸው ነው። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ቴሌቪዥን ይመጣል። ቦይ ሲጠረግ ማን መጥቶ ያጨበጭባል? እስከ ዛሬ ቱቦ በማስጠረጉ የተሸለመ ባለሥልጣን ሲነገር አይሰማም።

የደጋ መንገድ ገዳይ ደግሞ ውኃ ነው። ዝናቡ በቦይ ካልሄደ በመንገዱ መሐል ይሄዳል፤ በአንድ ክረምት ጠጠሩን ጠርጎ አፈሩን ያወጣል፤ በሁለተኛው ይቦረቡረዋል። በሦስተኛው «መንገድ ነበረ» ይባላል። በምሥራቁ አፋፍ ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ያለው መሬት በተፈጥሮውም የሚንሸራተት ነው፤ በ1998 ዓ.ም መግቢያ በአካባቢው የደረሰው ሰፊ የመሬት መንሸራተት ብዙ ገበሬ ከቀዬው አፈናቅሏል። እንዲህ ባለ አገር መንገድ ሠርቶ መሄድ ልጅ ወልዶ እንደመሄድ ነው።

በዚህ ላይ ሰላሙ አለ። በ2014 ዓ.ም ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሞላሌና ደብረ ሲና ድረስ ሲደርስ፣ ጣርማ በር እንደገና የጦር ካርታ ላይ የተከበበ ስም ሆነ። ከ2015 ዓ.ም ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፤ ተከፍተዋል፤ እንደገና ተዘግተዋል። መንገደኛው አሁን የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት እንገባለን» ብቻ አይደለም፤ «መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው?» የሚለው ይቀድማል። መልሱን የሚያገኘው ከሾፌር ስልክ፣ ከዘመድ ወሬ፣ ከቴሌግራም ነው። ክራፕፍ በ1834 ድንበር ላይ የገጠመው ነገር ስሙን ቀይሮ ተመልሷል ቢባል ውሸት አይሆንም።

▪️ የማይታይ ቀረጥ

አለመተማመን ዋጋ አለው፤ ደረሰኝ ስለሌለው ግን አይቆጠርም። የመንዝ ሰው ሙግት አይጠላም ይባላል። እንግዲህ ደብረ ብርሃን ሦስት ሰዓት ላይ ችሎት ያለው ገበሬ ከመሐል ሜዳ በዚያው ማለዳ ተነስቶ እንደሚደርስ እርግጠኛ መሆን ስለማይችል በዋዜማው ይሄዳል። የአልጋ ይከፍላል፤ የምሳ የራት ይከፍላል፤ ሁለት የሥራ ቀን ያጣል። ችሎቱ አምስት ደቂቃ ይፈጅና ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ለፋሲካ በግ ጭኖ የወጣ ነጋዴ መንገድ ላይ ያደረ እንደሆነ የበጉ ሥጋ ይቀልላል፤ ገበያው ያልፋል። ተማሪው ለምዝገባ ሁለት ቀን ቀድሞ ይወጣል። አህያ ፈጅ ላይ በረኛ ቀረጥ ይቀበል ነበር፤ ዛሬ በረኛው የለም፤ ቀረጡ ግን አልተነሳም።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ምስክር በየጤና ጣቢያው ግቢ ያለችው ትንሽ ቤት ናት፤ የእናቶች ማቆያ። መውለጃዋ የተቃረበ እናት፣ በተለይ ቤቷ ሩቅ የሆነ፣ ከቀኗ ቀደም ብላ መጥታ እዚያ እንድትቆይ ይደረጋል። ብዙ ሕይወት ያተረፈ መልካም ሥራ ነው። ግን ምን ማለት እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። ምጥ ሲመጣ መንገዱ ያደርሳታል ብሎ ማንም ስለማይተማመን፣ እናትየው ቤቷንና ልጆቿን ትታ ቀኗን ጤና ጣቢያ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ቀድሞ በቃሬዛ ይሸከሟት የነበሩት የሰፈር ወንዶች ዛሬም ከስንት ቦታ ቃሬዛውን አልሰቀሉም።

▪️ ምን ይደረግ?

ለዚህ አገር ሁሉ ተራራ ይበሳ፣ ሁሉ ገደል በድልድይ ይያዝ የሚል ሰው ካለ ሒሳብ አያውቅም። ደግነቱ እርግጠኝነት ከአስፋልት ይረክሳል።

መጀመሪያ ሰው ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ተሰጥቶት፣ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ዓመቱን ሙሉ ደሞዝ እየተከፈለው ቦይ የሚጠርግ የአካባቢ ሰው ከአንድ ግሬደር የዓመት ጉብኝት የበለጠ መንገድ ያቆማል። በላቲን አሜሪካ ተራራማ አገሮች፣ በፔሩም ጭምር፣ የገጠር ነዋሪዎች ተደራጅተው በኮንትራት መንገዳቸውን የሚጠብቁበት አሠራር ለረጅም ጊዜ ተሠርቶበታል። ለመንዝ ግን ምሳሌ ፍለጋ አንዲስ ተራራ መሄድ አያስፈልግም። የጓሳን ሣር ሕዝቡ ራሱ በአለቃና በሕግ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቆ ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በተራና በልክ ይታጨዳል፤ የሰረቀ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም፣ ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቁሞት ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ ጥብቅነቱ ዓለም ያውቀዋል፤ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም ይኖርበታል። ሣር በዚህ ልክ መጠበቅ የቻለ ሕዝብ ቦይ መጠበቅ አይችልም ማለት ንቀት ነው። የጎደለው ሥልጣኑና ክፍያው ነው። «በሕዝብ ተሳትፎ» የሚል ስም ተሰጥቶት በነጻ በዘመቻ እንዲሠራ የሚደረግ ጥገና ግን ከዚህ ጋር አይመሳሰልም፤ እሱ የታወቀ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ይሠራና ይረሳል።

ቀጥሎ ወሬ ነው፤ ማለትም መረጃ። ጣርማ በር ላይ መንገድ ሲዘጋ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ያለው ስምሪት ክፍል በደቂቃ ውስጥ ሊያውቅ ይችላል፤ ስልክ አለ። ያ መረጃ ለመንገደኛው በድምፅ ማጉያ፣ በኤፍ ኤም፣ በአጭር መልእክት ቢነገር ናዳው አይነሳም፤ ግን አራት መቶ ሰው በጉም ውስጥ ሳያውቅ አያድርም። ሰው የሚጨነቀው በመቆሙ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደቆመ ባለማወቁ ነው። የመጀመሪያውን መኪና ሞላም አልሞላም በተቀጠረለት ሰዓት ማስነሳትም ሌላው ነው። ለባለ መኪናው ኪሳራ ይመስላል። ይሁንና ሰዓት የሚያከብር መኪና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራሱ ይሞላል፤ ሰው ያምነዋልና።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ሁለተኛ በር። መንዝ በአንድ በር ይተነፍሳል፤ እሱም ጣርማ በር ነው። በሩ በጉም፣ በናዳ፣ በተበላሸ ተሳቢ ወይም በጦር ሲዘጋ፣ አምባው እንዳለ ይዘጋል። ከመንዝ በወንጪት በኩል ወደ መርሐቤቴ፣ ከግሼ ወደ ወሎ፣ ክረምት የማይቆርጣቸው መሻገሪያዎች ቢኖሩ ማንም በየቀኑ ላይሄድባቸው ይችላል። ከኪሎ ሜትርና ከመኪና ቁጥር አንጻር የሚያዋጡ አይመስሉም፤ የአዋጭነት ጥናትም ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው የሚያልፈውን መኪና ነው። ዋናው በር ሲዘጋ የሚቀረውን ሰው የሚቆጥር ሰንጠረዥ ግን እምብዛም አይታይም። መኪና የማይገባበት ቦታም ቢሆን፣ በብዙ ወረዳ እንደታየው፣ ለእግረኛና ለበቅሎ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ የክረምቱን ሦስት ወር ለተማሪና ለበሽተኛ ይመልሳል። የወንጪት ዋናተኛም በእርጅናው ያርፋል።

ሰላሙን በተመለከተ አንዳች የመንገድ ምሕንድስና አይተካውም። በዘመነ ሣህለ ሥላሴ መንገደኛን የሚያሳልፍ ተጠያቂ ነበር፤ ዛሬ በአንድ መንገድ ላይ ስንት ወገን እንደሚያስቆመው መንገደኛው ራሱ አያውቅም። ባለ መሣሪያዎቹ ሁሉ በሌላው ነገር ባይስማሙ እንኳ በሽተኛን፣ ወላድን፣ ተማሪንና እህል የጫነን መኪና ላለመንካት መስማማት ይችላሉ። እንዲህ ያለ ስምምነት በዚህ አገር አዲስ አይደለም። የጥንት ጠበኛ ወገኖች እንኳ የገበያን ቀን ያከብሩ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከገደሉ ይነሳል። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ፣ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ቀስ ብሎ ወደ ዋሻው ይገባል። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከወዲያ የሚመጣ መኪና መኖሩን በጆሮው ያዳምጣል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ስልኳን ከፍ አድርጋ ኔትወርክ ትፈልጋለች፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በር ላይ የሚጠብቃት ልጇ ስንት ሰዓት እንደምትደርስ ጠይቋት ነበር።